ቺፑ ሌባ እጅ ሲገባ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ስማርት ካርዶች (እንደ ባንክ ካርድና ሲም ያሉ ቺፕ ያለባቸው ካርዶች) ደህንነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን አላስችል አለኝ። ጽሑፉ ምስጠራው ጠንካራ ከሆነ ቺፑ ውስጥ ያለው ቁልፍ፣ ማለትም ምስጠራው የሚሠራበት ምስጢራዊ ቁጥር፣ በጭራሽ አይወጣም ይላል። ይወጣል። ቺፑ በእጁ ያለ ሰው ምስጠራውን መስበር አያስፈልገውም።

ሥራዬ ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከቦርድ ጋር ነው የምውለው። አንድ ጊዜ መለማመጃ ማይክሮኮንትሮለር (ትንሽ ኮምፒውተር የያዘ ቺፕ) ላይ ፒን የሚጠይቅ ትንሽ ፕሮግራም ጫንኩ። ከዚያ ልክ ፒኑን በሚያመሳክርባት ቅጽበት ቮልቴጁን ለአፍታ ዝቅ አደረግኩበት። ደጋግሜ ሞከርኩ። አብዛኛውን ጊዜ ቺፑ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። በመጨረሻ ግን ግራ ተጋባና ማመሳከሪያዋን ትዕዛዝ ዘለላት። በተሳሳተ ፒን ገባሁ! ኮዱን መልሼ መላልሼ አየሁት፤ አንድም ስህተት የለበትም። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ሰርጌ ስኮሮቦጋቶቭና ሮስ አንደርሰን ያገለገለ የካሜራ ፍላሽ በ30 ዶላር ገዙ። ማይክሮስኮፕ ላይ ገጠሙትና ሽፋኑ በተነሳ ቺፕ ላይ አበሩት። ሜሞሪው ውስጥ የፈለጓትን አንዲት ቢት (የመረጃ ትንሿ ክፍል) ከ0 ወደ 1፣ ከ1 ወደ 0 ቀየሩ። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1999 የምስጠራ ተመራማሪው ፖል ኮቸርና ባልደረቦቹ ካርዱን ሳይከፍቱ፣ የሚስበውን ኃይል ብቻ እየለኩ ቁልፉን ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል።

መከላከያ የለም እያልኩ አይደለም። ጥሩ ቺፕ ከላዩ በቀጫጭን የብረት መስመሮች ይሸፈናል፤ አንዷ ከተቆረጠች ያውቃል። ብርሃን፣ ሙቀትና ቮልቴጅ የሚከታተሉ ሴንሰሮች አሉት። ወሳኝ ውሳኔ ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ያመሳክራል። ነካኩኝ ብሎ ካመነ ቁልፉን ያጠፋል። ችግሩ ካርድ ባትሪ የለውም። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ጠባቂውም አብሮ ይተኛል። ሌባው ሽፋኑን በአሲድ የሚያነሳው ደግሞ ያኔ ነው፤ ማንም በማያየው ሰዓት። ባትሪ ያላቸው፣ ሌት ተቀን ራሳቸውን የሚጠብቁ መሣሪያዎች አሉ፤ ግን ብዙዎቹ ኪስ ውስጥ የሚገቡ አይደሉም።

ስለዚህ ጊዜና ገንዘብ ያለው ሰው አንዱን ቺፕ ይከፍተዋል ብሎ መነሳት ይሻላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር ነው ትልቁ። እያንዳንዱ ካርድ የራሱ ቁልፍ ካለው ሌባው ያገኘው አንድ ካርድ ነው። ሁሉም በአንድ ቁልፍ የሚሠሩ ከሆነ ግን የአንዱ መከፈት የሁሉም መከፈት ነው። አምራቹ ወጪ ለመቆጠብ ብሎ አንድ ቁልፍ ሺህ ቦታ ቢገለብጥ ገዢው በምን ያውቃል? ማሸጊያው ላይ አይጻፍም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

እናንተ አምራቾቹን የማነጋገር ዕድል አላችሁ። «ምስጠራችን አስተማማኝ ነው» ሲሏችሁ በዚያ አትለፏቸው። ገለልተኛ ላብራቶሪ ቺፑን በእጁ ይዞ ሊከፍተው ሞክሯል ወይ? ውጤቱን ለሕዝብ ያሳያሉ? አንዱ ካርድ ቢሰበር የጎረቤቴ ካርድ ይከፈታል? መልሳቸውን እንዳለ አትሙልን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ