የመቅደላ ታቦታትን በሚመለከት ለብሪታንያ የባህል ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡርነትዎ፣

በለንደን የምኖር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በብሪቲሽ ሙዚየም ዝግ ክፍል ውስጥ ስለሚገኙት 11 ታቦታት ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ በገዛ እጃቸው ካለፉ በኋላ፣ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የብሪታንያ ጦር የአምባውን ግምጃ ቤትና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ዘረፈ። የሙዚየሙ ባልደረባ ሪቻርድ ሆልምስ ከጦሩ ጋር አብሮ ዘምቶ ነበር፤ ምርኮውም በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ከደረሰ በኋላ በሐራጅ ተሸጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ንብረቶቹ በብሪታንያ ጦር ተወስደው መምጣታቸው እጅግ እንደሚያሳዝናቸው ለፓርላማ ተናግረዋል። ስለዚህ የድርጊቱ ስሕተትነት በዘመኑም የታወቀ ነበር።

ታቦት ለእኛ የጥበብ ሥራ አይደለም። በመንበሩ ላይ ታቦት ከሌለ ቅዳሴ አይቀደስም፤ ከካህናት በቀር የሚነካው የለም፤ በጥምቀት ሲወጣም በካህኑ ራስ ላይ በመጎናጸፊያ እንደተሸፈነ ነውና ሕዝቡ የሚሰግደው በዓይኑ ላላየው ቅዱስ ነገር ነው። ሙዚየሙም ይህን ያውቃል፤ ታቦታቱን ለእይታ አያቀርብም፣ ፎቶ አያስነሣም፣ የራሱ ባለሙያዎች እንኳ አይመረምሯቸውም። ታዲያ ማንም የማያየውን፣ ማንም የማያጠናውን ንዋየ ቅድሳት ይዞ መቆየት ለማን ይጠቅማል?

ለመመለስ እንቅፋት ነው ተብሎ የሚጠቀሰው የ1963ቱ (እ.ኤ.አ.) የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ነው። ሆኖም የዚሁ ሕግ አንቀጽ 5፣ ሙዚየሙን የሚያስተዳድሩት ባለአደራዎች በስብስቡ ውስጥ ሊቆይ አይገባም ብለው ያመኑበትን፣ መውጣቱም የአጥኚዎችን ጥቅም የማይጎዳውን ዕቃ እንዲያስወጡ ይፈቅድላቸዋል። ከታቦት የበለጠ ይህን የሚያሟላ ነገር አይታየኝም።

አውሮፓ በዚህ ጉዳይ ከቀድሞ አቋሟ ፈቀቅ ብላለች። ኢጣሊያ የአክሱምን ሐውልት በ2005 እ.ኤ.አ. መልሳለች፤ የፈረንሳይ ፓርላማ በ2020 ልዩ ሕግ አውጥቶ በቀጣዩ ዓመት 26 ንብረቶች ወደ ቤኒን ተመልሰዋል፤ ጀርመንም በ2022 በሙዚየሞቿ የነበሩትን፣ በዛሬዋ ናይጄሪያ ከነበረው የቤኒን መንግሥት የተዘረፉትን «የቤኒን ነሐሶች» ባለቤትነት ለናይጄሪያ አስተላልፋለች። ይህ ለውጥ ከመልካም ፈቃድ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። የአውሮፓ መንግሥታት ቃላቸው ብቻውን ዓለምን የሚያንቀሳቅስበት ዘመን አልፏል፤ ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ከወረረች ወዲህ እነዚህ መንግሥታት፣ ብሪታንያን ጨምሮ፣ የአፍሪካን ድጋፍ በተባበሩት መንግሥታት መድረክ ደጋግመው ጠይቀዋል። ጥያቄያቸው በጉልበት የተወሰደ ነገር የወሳጁ ሊሆን አይገባም በሚል መርሕ ላይ የቆመ ነው። መርሑን ከልቤ እቀበለዋለሁ፤ በመቅደላ የተወሰደውንም እንዲያካትት እፈልጋለሁ።

ሙዚየሙ ታቦታቱን በብሪታንያ ለሚገኝ የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በውሰት የመስጠት ሐሳብ እንዳለው ገልጿል። ቅንነቱን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን በውሰት የሚቀበል ሰው ባለቤቱ ሌላ መሆኑን አምኖ ይቀበላል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የራሷን ታቦት ከሙዚየም ልትዋስ አትችልም። በ2001 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤዲንብራ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን በቁም ሳጥን ውስጥ ታቦት በተገኘ ጊዜ፣ ያገኙት ቄስና ምእመናኑ ውሰት አላሰቡም፤ በቀጣዩ ዓመት ታቦቱ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ ነቅሎ ወጥቶ በእልልታ ተቀበለው።

ስለሆነም ሚኒስቴርዎ ባለአደራዎቹ አንቀጽ 5ን ለታቦታቱ ቢጠቀሙበት እንደማይቃወም በይፋ እንዲያሳውቅ፣ እነርሱ ሕጉ አይፈቅድልንም የሚሉ ከሆነም ለእነዚህ ታቦታት ብቻ የተወሰነ አጭር ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ እንዲያቀርብ በአክብሮት እጠይቃለሁ። መልስዎ ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስም በጽሑፍ እንዲደርስ እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በለንደን ነዋሪ የሆነ የቤተ ክርስቲያኒቱ ምእመን