ስለ ካናዳና ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት፦ የቀረ ነገር አለ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባወጣችሁት ጽሑፍ የካናዳ ድርሻ በአንድ አንቀጽ አልቋል። በኤፕሪል 1917 አራቱ ክፍለ ጦሮቿ ቪሚ ኮረብታን ያዙ፣ ሕዝቧ ግን ውቅያኖስ ማዶ ስለነበር እሳቱ አልደረሰበትም ይላል (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ድሉ በአራት ቀን 3,598 ሰው መብላቱ ግን አብሮ መነገር ነበረበት። ሁለተኛው ፈጽሞ ስሕተት ነው።

ከወታደሩ እንነሣ። ሕዝቧ 8 ሚሊዮን የማይሞላ አገር ከ600,000 በላይ ሰው አሰልፋ 61,000 ያህሉን ቀበረች። ገና ከጅምሩ የከዳቸው የያዙት ጠመንጃ ነው። ሮስ የሚባለው የካናዳ ጠመንጃ ለዒላማ ተኩስ ግሩም ነበር፤ አልሞ ተኳሾች ሌላው ሁሉ ከጣለው በኋላም ይዘውት ቆይተዋል። ምሽግ ውስጥ ግን አልሆነም። ጥይት የሚጎርስበት ቦታ እጅግ ጠበብ ተደርጎ ስለተሠራ፣ ልኩ እንደ ካናዳው ያልተጠበቀ የእንግሊዝ ጥይት ሲገባበትና ብረቱ ሲግል ቀለሃው ይጣበቃል። መዝጊያው በቀጥታ ወደ ኋላ የሚሳብ እንጂ በእጅ ተጠምዝዞ የሚከፈት ባለመሆኑ የተጣበቀውን ቀለሃ ለመንቀል አቅም ያንሰዋል። ጭቃ ሲታከልበት ወታደሩ በጫማው እየረገጠ ይከፍተው ነበር። ለጽዳት የተፈታ መዝጊያ ተሳስቶ ከተገጠመም ሳይቆለፍ ይተኮስና ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በተባለች ከተማ አጠገብ በ1915 ከተደረገው ውጊያ ከተረፉት 5,000 እግረኞች ከ1,400 በላዩ ሮስን ጥለው የሞተ እንግሊዛዊ ጠመንጃ አንሥተው ተገኙ። የጦር ሚኒስትሩ ሳም ሂዩዝ ግን ለጠመንጃው ጥብቅና መቆሙን አልተወም፤ ሙሉ በሙሉ የተለወጠው በ1916 ነው።

የዚያው የኢፕር ውጊያ ሌላው መከራ ጋዝ ነበር። ጀርመኖች ኤፕሪል 22 ቀን ከ5,700 በላይ ሲሊንደሮች ከፍተው 160 ቶን ያህል ክሎሪን ለቀቁ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ በቀጥታ በካናዳውያኑ ላይ ደገሙት። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ምሽጉ ወለል ይፈስሳል። ስለዚህ ቁስለኛውና የተኛው ቀድሞ ይታፈናል፤ ነፋሱን ተከትሎ የሸሸውም ከደመናው ጋር እየተጓዘ የበለጠ ይተነፍሰዋል። ጭምብል አልነበረም፤ በሽንት የራሰ ጨርቅ አፍና አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

እሳቱ አልደረሰበትም ወደተባለው ሕዝብ ልምጣ። ዲሴምበር 6 ቀን 1917 ሞን ብላን የተባለች የፈረንሳይ መርከብ ካናዳ ውስጥ ሃሊፋክስ ወደብ ስትገባ 2,300 ቶን ያህል ፒክሪክ አሲድ፣ 200 ቶን ቲኤንቲና 10 ቶን የባሩድ ጥጥ (ሦስቱም ፈንጂዎች ናቸው) በሆዷ ይዛ፣ ጀርባዋ ላይ በበርሜል የተሞላ ቤንዞል የሚባል ቶሎ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ደርድራ ነበር። ከጦርነቱ በፊት እንዲህ ያለ ጭነት ወደ ውስጠኛው ወደብ አይገባም ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ ደንቡ ላላ። ፈንጂ መጫኗን የሚያስታውቅ ቀይ ባንዲራም አልሰቀለችም፤ ለጠላት ምልክት መስጠት ይሆናልና። ጠባቡ መተላለፊያ ላይ ኢሞ ከምትባል መርከብ ጋር ስትጋጭ በርሜሎቹ ተቀደዱ፤ ከብረት ፍጭት የወጣው ፍንጣሪ ቤንዞሉን አቀጣጠለው። ከዚያ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ጊዜ ነበር። መርከበኞቹ ሸሹ፤ ምን እንደጫነች የማያውቀው ሰው ደግሞ ጭሱን ለማየት መስኮት ላይ ተሰበሰበ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ ፈነዳች። ወደ 2,000 ሰው ሞተ፣ 9,000 ቆሰለ። ብዙዎቹን ዓይን ያሳጣቸው የመስኮታቸው መስታወት ነው። የእንጨት ቤቶቹ በጋለ የከሰል ምድጃቸው ላይ ስለወደቁ ፍርስራሹ ውስጥ የታሰረው በእሳት አለቀ፤ በማግስቱ የበረዶ ውሽንፍር መጣ።

የታሰሩም አሉ። «የጠላት ዜጋ» ተብለው በካምፕ ከታጎሩት 8,579 ሰዎች አብዛኞቹ ከኦስትሪያ-ሃንጋሪ ግዛት የመጡ ዩክሬናውያን ነበሩ፤ የመጨረሻው ካምፕ የተዘጋው በ1920 ነው። የ1917ቱ የግዳጅ ምልመላ ፈረንሳይኛ ተናጋሪውን የኩቤክ ግዛት አስቆጥቶ በቀጣዩ ዓመት ፋሲካ ሰሞን ወታደሮች በከፈቱት ተኩስ አራት ሰዎች ተገደሉ። እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው የ1918ቱ ወረርሽኝም ወታደር በጫኑ ባቡሮች እየተዛመተ ካናዳ ውስጥ 50,000 ገደማ ሰው ፈጀ፤ ጦር ሜዳ ከወደቀው ብዙም አያንስም።

አንድ እርማት ይቀራል። ጽሑፋችሁ ጁላይ 1 ቀን 1916 ፈረንሳይ ውስጥ ቦሞን-አሜል ላይ ያለቀውን የኒውፋውንድላንድ ሬጅመንት ከካናዳ ጦር ቆጥሮታል። ወደ ውጊያው ከገቡት 800 ያህል ሰዎች በማግስቱ ስማቸው ሲጠራ «አቤት» ያሉት 68 ብቻ መሆናቸው ትክክል ነው፤ ኒውፋውንድላንድ ግን ያኔ ራሷን የቻለች ግዛት ነበረች፣ ከካናዳ የተቀላቀለችው በ1949 ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የታሪክ መምህራን፣ ከአራት ኪሎ