በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ስም በኦንላይን ስለተሰጠኝ ሥልጠና የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ማቅረብንና የከፈልኩት ገንዘብ በከፊል እንዲመለስልኝ መጠየቅን ይመለከታል

እኔ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕጩ መምህርት ስሆን፣ ድርጅታችሁ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ለጀማሪዎች በሚል ያስተዋወቀውን የ3 ወር የኦንላይን ሥልጠና ለመከታተል ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. 4,800 ብር በቴሌብር ከፍዬ ተመዝግቤአለሁ። ስሜና የምዝገባ ቁጥሬ በተያያዘው ደረሰኝ ላይ ይገኛል። መሃል ከተማ ድረስ ሄዶ በማታ መማር ከኮሌጅ ውሎ በኋላ ሁለት ታክሲ መያዝን፣ ሲመለሱም ረጅም ሰልፍ መጠበቅን ስለሚጠይቅ፣ ለእኔ የነበረው አማራጭ የእናንተ ሥልጠና ብቻ ነበር።

ዋናው ቅሬታዬ የተማርኩት ቋንቋ የተሸጠልኝ ቋንቋ አለመሆኑ ነው። ከ36ቱ የተቀረጹ ትምህርቶች 21ዱ በአሜሪካ ምልክት ቋንቋ የተዘጋጁ ቪዲዮዎች ሲሆኑ፣ የእናንተ ድርሻ የአማርኛ ድምፅ መጨመር ብቻ ነው። (መስማት የተሳነው ሰው ልጁን ወይም ጎረቤቱን ለማስተማር ይህን ሥልጠና ቢገዛ ድምፁ ምን እንደሚጠቅመው አልገባኝም፤ በጽሑፍ የቀረበ ማብራሪያ የለውምና።) የእኛ ምልክት ቋንቋ ከአሜሪካው በርካታ ቃላት መውሰዱን አውቃለሁ፤ ይህ ግን አንዱን በሌላው ስም ለመሸጥ ምክንያት አይሆንም።

ልዩነቱ ከሁሉ በላይ የሚጎላው በጣት ፊደል ላይ ነው። በእኛ የጣት ፊደል የእጅ ቅርጹ ተነባቢውን ሲያሳይ፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ሆሄያት ይለያል። ሥልጠናው ለዚህ የመደበው አንድ ትምህርት ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ምስሉ እየተቆራረጠ ስለሚሄድ እንቅስቃሴው አይታይም፤ እንቅስቃሴው ካልታየ ደግሞ ለም እና ላም አንድ ይሆናሉ። ጥፋቱ የሰፈራችን ኔትወርክ እንዳይሆን ብዬ ቪዲዮውን ኮሌጅ ሄጄ አውርጄ ብሞክረውም ያው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የላቲኑን 26 ፊደላት ግን አራት ትምህርት ሙሉ በጥራት አስተምራችሁኛል።

ውጤቱን ያየሁት መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ለማስተማር ልምምድ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት፣ መስማት የተሳናቸው የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት ነው። የዶሮ ሥዕል ሰቅዬ ቃሉን ከእናንተ በተማርኩት መሠረት ዲ፣ ኦ፣ አር፣ ኦ ብዬ በአራት ቅርጽ ፊደልኩ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ተነሥታ እጄን ያዘችና የደ እና የረን ቅርጽ በሳብዕ እንቅስቃሴ እያሳየች በሁለት ምልክት ጨረሰችው። የስምንት ዓመት ልጅ ስላረመችኝ አላፈርኩም፤ ያሳፈረኝ በዚያ ሳምንት ልጆቹ ከእኔ መማር ሲገባቸው እኔን ሲያስተምሩ መሰንበታቸው ነው። የልምምድ ተቆጣጣሪዬም ይህንኑ በግምገማዬ ላይ አስፍረውታል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ መስማት ከተሳናቸው አስተማሪ ጋር በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ 24 ጊዜ እንደሚደረግ ቃል የተገባውን የቀጥታ ልምምድ ይመለከታል። የተካሄደው 7 ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት ያለ ማስታወቂያ ተሰርዘዋል። አስተማሪው ምስጉን ናቸው፤ ከሥልጠናው ያገኘሁት ጥቅም ሁሉ ከእርሳቸው የመጣ ነው። በሦስተኛው ልምምድ በቪዲዮዎቹ ላይ ያሉት በርካታ ምልክቶች እዚህ አገር የማንጠቀምባቸው እንደሆኑ ነግረውን፣ ለድርጅቱም ማሳወቃቸውን ገልጸውልን ነበር። ስለዚህ ድርጅታችሁ ስህተቱን አያውቅም ነበር ለማለት እቸገራለሁ።

በተረፈ በማያ ገጹ ጥግ ያስቀመጣችሁት ዓርማ በብዙ ትምህርቶች ላይ የአስተማሪውን ግማሽ ፊት ይሸፍናል። በምልክት ቋንቋ ፊትም ስለሚናገር፣ ዓርማው ቢነሣ መልካም ነው።

ይህንኑ በቴሌግራም ሦስት ጊዜ ብጽፍም የደረሰኝ ምላሽ የሥልጠና ክፍያ ተመላሽ እንደማይደረግ የሚገልጽ አንድ ዓይነት መልእክት ብቻ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ እኔ የተሰጠኝ መረጃ ደግሞ የቋንቋውን ስም እንኳ በትክክል አልያዘም።

ሙሉውን ገንዘብ አልጠይቅም። ክፍያውን ለ24ቱ ልምምዶች ባካፍለው እያንዳንዱ 200 ብር ስለሚደርሰው፣ ያልተሰጡኝ 17 ልምምዶች 3,400 ብር እንዲመለስልኝ፣ 21ዱ ትምህርቶችም የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ መሆናቸው በማስታወቂያችሁ ላይ እንዲጻፍ ወይም እንዲነሡ እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ምላሽ ካልተሰጠኝ ጉዳዩን የሸማቾችን አቤቱታ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል የማቀርብ መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ዕጩ መምህርት፣ የሥልጠናው ተመዝጋቢ

አባሪ፦ የክፍያ ደረሰኝ፣ የሥልጠናው ማስታወቂያ ቅጂ፣ የተሰረዙት ልምምዶች ዝርዝር