ለሲስተር፣ ለሐኪሞቼና ለጎረቤቶቼ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ልጄ ባለፈው እሑድ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሣች። እልልታው ሲሰማ ለፈጣሪዬና ለእመቤቴ ማርያም ምስጋና አቀረብኩ። አሁን ደግሞ የሰዎቹ ተራ ነው።

መጀመሪያ የጤና ጣቢያችን ሲስተር። የሄድኩት ለተለመደው የእርግዝና ክትትል ነበር። ሰባት ወር ሊሞላኝ ነው። ፊቴና እጄ አብጧል። ራሴን ክፉኛ ያመኛል፤ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። ያየኝ ሰው ሁሉ «የእርግዝና ነው፣ ያልፋል» ይለኝ ነበር። ወረፋው ረጅም ነው፣ የምሳ ሰዓት ደርሷል። ሲስተር ግን አልተጣደፈችም። ግፊቴን ለካች፤ 160 በ110። አሳርፋኝ ደግማ ለካች፤ ያው ነው። ሽንቴ ሲመረመር ፕሮቲን ተገኘበት። «የኔ እናት፣ ዛሬ ቤት አትገቢም» አለችኝ። አምቡላንስ ጠርታ ሆስፒታል ድረስ አብራኝ ሄደች። ሲስተር፣ ሌላ ቦታ ተዛውረሻል አሉኝ። የትም ብትሆኚ ልጄና እኔ በሕይወት ያለነው አንቺ ያን ዕለት ስለለካሽኝ ነው።

ሕመሙ ፕሪኢክላምፕሲያ ይባላል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ ከደም ግፊት ጋር የተያያዘ ሕመም ነው። ሲብስ እናትን ያንቀጠቅጣል፣ ኩላሊትና ጉበት ይጎዳል። ለልጁ የሚደርሰውንም ደም ይቀንሳል። ከእንግዴ ልጁ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የሚያበቃው በመውለድ ነው። ነፍሰ ጡር እህቶቼ፣ ግፊታችሁ 140 በ90 ከደረሰ ዝም አትበሉ። ሳትለኩም አትመለሱ፤ ካልለኩላችሁ ጠይቁ።

ዶክተሮቼ ይህን ሁሉ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ነው ያስረዱኝ። እንዳልንቀጠቀጥ ማግኒዥየም ሰልፌት ሰጡኝ። ሲገባ ሰውነት ያቃጥላል፤ የሌሊቷ ተረኛ ነርስ እጄን አልለቀቀችም። የልጄን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌም ወጉኝ። መርፌው እስኪሠራ ግፊቴን እየተከታተሉ ጊዜ ገዙልን። ከዚያ በኦፕራሲዮን ወለድኩ። 1 ኪሎ ከ200 ግራም።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርሶችን በምን ቃል ላመስግናችሁ? ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት አንዳንዴ ትንፋሻቸው ቀጥ ይላል። እናንተ ግን ማሽኑ ሲጮኽ ትደርሳላችሁ፤ የውስጥ እግሯን ነካ ስታደርጓት ትንፋሿ ይመለሳል። መጥባት ስለማትችል እንገሬን በአፍንጫዋ በገባው ቀጭን ቱቦ በጠብታ ሰጣችኋት። ወተቴ እምቢ ሲለኝ ተስፋ አልቆረጣችሁብኝም፤ እንዴት እንደማልበው ደጋግማችሁ አሳያችሁኝ።

ትንሽ ስትጠነክር ካንጋሮ ክፍል ገባን። ልጅን ራቁቷን ደረት ላይ አጣብቆ መያዝ ነው፤ የእናት ገላ ያሞቃታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ቦጎታ ከተማ፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ የጀመረው ነው። የሕፃናት ማሞቂያ አልበቃ ስላላቸው ነበር። ዛሬ ማሞቂያ የሞላቸው አገሮችም ይሠሩበታል። ባለቤቴም ሸሚዙን ከፍቶ በተራው ይይዛት ነበር። ውዴ፣ አንተንም አመሰግናለሁ።

ከጎኔ የነበረችው የመንታ እናት፣ አንቺ ዱዓ ስታደርጊ እኔም ጸሎቴን ሳደርስ ስንት ሌሊት አነጋን። ልጆቻቸውን እዚያ ያጡ እናቶችንም አልረሳም። ያን ጊዜም የኔን ልጅ «እንዴት አደረች?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ቤት ስገባ ጎረቤት ግራ ገብቶት ነበር። ልጄ ገና ሆስፒታል ናት። «እንኳን» ይባል ወይስ «አይዞሽ»? እትዬ ግን አጥሚታቸውን ይዘው ገቡና ጮክ ብለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ!» አሉኝ። ያኔ ነው የወለድኩ የመሰለኝ። እትዬ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሌሎቻችሁም ምግብ በየቀኑ እየተቀባበላችሁ ስላመላለሳችሁልን ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈል።

ካንጋሮ ክፍል ውስጥ አሁንም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ላላችሁ እናቶች፣ የሕፃናት ኮፍያና ካልሲ እያሰባሰብን ነው። ነርሶቹ ቅዳሜ ከሰዓት ይመቻል ስላሉን ያን ቀን እንመጣለን።