ለእማዬ፣ ስለ አለርጂ ኪኒኑ

እማዬ እንዴት ነሽልኝ? ያን ለት ማታ ስደውልልሽ ምላስሽ እየተሳሰረ አፌ ደረቀ ስትዪኝ፣ ከዛ ደሞ የሞተችውን እህትሽን "አሁን እዚህ ተቀምጣ ነበር" ስትዪኝ፣ እኔ እርጅና መጣ ብዬ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። እርጅና አልነበረም እኮ! አባዬ ጠዋት ሲነግረኝ ነው የገባኝ፣ ለማሳከኩ ዳይፈንሃይድራሚን የሚባለውን የአለርጂ ኪኒን ወስደሽ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲልሽ ደግመሽ፣ በዛ ላይ የጉንፋን ኪኒን ጨመርሽበት። የጉንፋኑ ውስጥ ያለው ክሎርፌኒራሚንም እኮ የአለርጂ መድኃኒት ነው፣ ስማቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። በናንተ እድሜ ደሞ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም።

ያን ለት ወደ ሃኪም ሂዱ አለማለቴ እስካሁን ያንገበግበኛል። ይሄን ለአባዬም አንብቢለት፦ መድኃኒቱ ሲበዛ ፊት ይቀላል፣ ሰውነት ይግላል ግን ላብ ጠብ አይልም፣ የአይን ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይሮጣል፣ ሽንት እምቢ ይላል፣ ሰው ይቃዣል፣ ከአየር ላይ የሌለ ነገር ይለቅማል። ሲብስ ያንቀጠቅጣል፣ የልብ ምትም ይዛባል፣ እሱ ነው የሚገድለው።

አባዬ እንዲህ ካየ፣ ወይ ደሞ ምንም ሳይታይብሽ ብዙ እንደዋጥሽ ካወቀ፣ ትተኛና ይለቃታል እንዳይል በናትሽ! ወዲያው አምቡላንስ ይጥራ። እንዳያስመልስሽ፣ ወተትም ምንም እንዳያጠጣሽ። ከደከመሽ በጎን ያስተኛሽ፣ ካንቀጠቀጠሽ አፍሽ ውስጥ ምንም እንዳይከት። የኪኒኑን ካርቶን ይዞ ይሂድ፣ ስንት እንደወሰድሽና በስንት ሰዓት እንደሆነ ይንገራቸው፣ እነሱ በኢሲጂ፣ በልብ ምት መመርመሪያው፣ ልብሽን ያዩታል፣ እንደሁኔታውም ያክሙሻል።

ለማሳከኩ ሃኪምሽን ሴትሪዚን ወይ ሎራታዲን ስለሚባሉት የአለርጂ ኪኒኖች ጠይቂው፣ እነሱ ያን ያህል አያደነዝዙም፣ ግን ስለ ኩላሊትሽ ሳትነግሪው እንዳትወጪ፣ መጠኑ ሊቀነስልሽ ይችላል። በራስሽ ግን አንዲትም እንዳትጨምሪ። ለእንቅልፍ ብለሽ የአለርጂ ኪኒን መውሰዱን ደሞ ተዪው እማ፣ ለትልቅ ሰው አይመከርም፣ ያደናግራል፣ ይጥላል።

ዛሬ ማታ እደውላለሁ፣ ሽንትሽ በደንብ እየወጣ እንደሆነ ትነግሪኛለሽ፣ እንዳታፍሪኝ።

ልጅሽ