«አገልግሎቱ ተቋርጧል» ሲባል የትኛው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ሶፍትዌር በሚወጡ ጽሑፎች «አገልግሎት» የምትለው ቃል ከአቅሟ በላይ ተሸክማለች። ሥራ አስኪያጁ ደንበኛው የሚያገኘውን ጥቅም ይልበታል፤ ፕሮግራመሩ ሰርቨር ላይ ያለውን ፕሮግራም። ደረጃ አውጪው ኦኤሲስ እ.ኤ.አ. በ2006 ባጸደቀው የማመሳከሪያ ሞዴል ግን አገልግሎት ማለት አንድን ችሎታ በተወሰነ በይነገጽና በመግለጫው በሰፈሩት ገደቦች መሠረት ለመጠቀም የሚያስችል ዘዴ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ውል ላይ ነው። 99.9 በመቶ እንደማይቋረጥ ቃል ከተገባ፣ በ30 ቀን ውስጥ የሚፈቀደው መቋረጥ 43 ደቂቃ ገደማ ነው። ከሦስት የፕሮግራሙ ቅጂዎች አንዱ ለአንድ ሰዓት ቆሞ ሁለቱ ሥራውን ቢሸፍኑ ውሉ ፈረሰ? ፕሮግራሙን ለሚቆጥር አዎ፤ ጠያቂው መስተናገዱን ለሚቆጥር በጭራሽ።

ከዚህ የሚብሰው «ተሳክቷል» ነው። የክፍያ ሲስተሙ ጥያቄው ወረፋ እንደገባ 200 የሚለውን የ«ተሳክቷል» ኮድ ይመልሳል፤ ላኪው ገንዘቡ ተላልፏል ብሎ ደረሰኝ ያወጣል። ከደቂቃ በኋላ ቀሪ ሒሳብ አልበቃ ብሎ ዝውውሩ ይከሽፋል። የሁለቱም ቡድን ኮድ ግን ፍተሻውን አልፏል፣ እያንዳንዱ የተፈተሸው በራሱ ትርጉም ነዋ! በድር ላይ ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት ደንብ ኤችቲቲፒ ለዚህ 202 የሚል ኮድ አለው፦ ተቀብያለሁ፣ ገና አልጨረስኩም። «ተቀብያለሁ»፣ «ተጠናቋል» እና «ከሽፏል» ተለይተው ይጻፉ።

«በይነገጽ» ለአብዛኛው አንባቢ ስክሪኑ ነው፤ ለባለሙያው ሁለት ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት። «የተጠቃሚ» ወይም «የፕሮግራም» የሚል ቅጽል ቢቀድመው ይበቃል።

መፍትሔው ቡድኖቹ የሚጋሩት የቃላት ፍቺ ዝርዝር ነው፤ ለመጀመር ከ20 እስከ 30 ቃል ያለው ይበቃል። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ፍቺው፣ ምን እንዳልሆነ፣ ፕሮግራሞቹ በሚለዋወጡት መልእክት ውስጥ የሚጠራበት የመስክ ስምና ኃላፊው ቡድን ይስፈሩ። ዝርዝሩ ከፕሮግራም በይነገጹ መግለጫ ፋይል ጋር አንድ የኮድ ማከማቻ ውስጥ ይቀመጥ፤ ፍቺ ሲቀየር የበይነገጹም ቨርዥን ይቀየር። ለብቻው በሰነድ ከተቀመጠ ኮዱ ጥሎት ይሄዳል።

ሁሉን ሰው ለአንድ ፍቺ ማስገደድ ግን አያዋጣም። ለሽያጭ ክፍል ገና ያልገዛውም «ደንበኛ» ነው፤ ለሒሳብ ክፍል ደረሰኝ የተቆረጠለት ብቻ። ሁለቱ አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ሲታጨቁ ግማሹ መስክ ባዶ ይቀራል። «ዕጩ ገዢ» እና «ከፋይ» ብሎ ለይቶ፣ አንዱ መቼ ወደ ሌላው እንደሚሸጋገር መጻፍ ይሻላል።

እናንተም «አገልግሎቱ ተቋርጧል» የሚል መግለጫ ሲደርሳችሁ ከማተማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ የቆመው ፕሮግራሙ ነው ወይስ ተጠቃሚው ነው ያልተስተናገደው?

ከአክብሮት ጋር
የሶፍትዌር አርክቴክቶች