«ለሰው አትንገሪ» ያልኩሽን ተይው

ልጄ፣

እንዴት ነሽ? የኮምቦልቻ ሙቀት ተስማማሽ? እዚህ ደሴ ብርዱ ጋቢ አላስጥል ብሎናል። አባትሽ ደህና ነው።

ሐኪሙ «ስኳር ነው» ያለን ቀን፣ ገና ከግቢው ሳንወጣ «ለሰው አትንገሪ» ብዬሽ ነበር። ያኔ ያስጨነቀኝ የሰው አፍ ነው። የትዳርሽ ነገር ሳይቀር ታየኝ፣ ገና በ19 ዓመትሽ! ይሄን ስጽፍ አፍራለሁ።

ከዚያ በፊትም በድዬሻለሁ። ውሃውን በጆግ ስትጨርሺ፣ ሌሊት አራቴ ስትነሺ፣ ቀሚስሽ ሲሰፋሽ «የፈተና ጭንቀት ነው» እያልኩ አለፍኩት። በኋላ ደግሞ ሻይሽ ላይ ስኳር ስላበዛሁ የመጣ መስሎኝ ራሴን ስረግም ከረምኩ። ያሳረፈችኝ ነርሷ ናት። ያንቺው ዓይነት አንድ የሚሉት ነው። የሰውነትሽ መከላከያ ተሳስቶ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሉትን፣ የደም ስኳርን የሚያወርደውን ነገር፣ የሚሠሩትን ሴሎች ያጠፋቸዋል። ጣፋጭ አያመጣውም። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለበሽተኛ የተሰጠውም እ.ኤ.አ. በ1922 ካናዳ ውስጥ፣ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ነው አሉ። ከዚያ በፊት እንዲህ የታመመ ልጅ ብዙም አይቆይም ነበር። ይሄን ከሰማሁ ወዲህ የኢንሱሊን መርፌሽን መጥላት ተውኩ።

ለዶርም ልጆች ንገሪያቸው። ስኳርሽ ከ70 በታች ወርዶ ላብ ሲያሰምጥሽ፣ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ፣ ነገር ሲምታታብሽ «ዛሬ ምን ሆና ነው የምትነጫነጨው?» ብለው እንዳይተዉሽ። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይስጡሽ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኪው። ራስሽን ከሳትሽ ግን አፍሽ ውስጥ ምንም እንዳይጨምሩ፤ ሐኪም ቤት ይሩጡ።

ኢንሱሊኑን መስኮት ስር አታስቀምጪ። ፍሪጅ እንደሌላችሁ አውቃለሁ። አባትሽ ሁለት የሸክላ ማሰሮ ገዝቷል፤ ትንሹ ትልቁ ውስጥ ይገባል፣ መሃሉ አሸዋ ነው። ኢንሱሊኑን ትንሹ ውስጥ አድርጊና እንዲቀዘቅዝ አሸዋውን በየቀኑ ውሃ አጠጪው። በሐረጎ ቁልቁለት ሳይሰበር ከደረሰ ተአምር ነው፤ ሹፌሩን ለምኜዋለሁ።

ትናንት ቡና ላይ እኔም ለጎረቤቶቻችን ተናገርኩ። አቦሉ ላይ አልደፈርኩም፣ ቶናው ላይ ነው። ሁሉም ዝም አሉ። ከዚያ ያቺ ሁሌ «ለእኔ ስኳር አታብዢ» የምትለው ሴትዮ ስኒዋን አስቀመጠችና «እኔ ክኒን ከጀመርኩ ሰባት ዓመቴ ነው» አለች። ግድግዳ ብቻ ለይቶን ስንኖር አላወቅኩም።

በረካውን ያለ ስኳር ቀዳሁላት።

እናትሽ